አልበሙ ያላየው ኩንታል

ቀረብ በሉማ። የምተርክላችሁ ስለ አንድ ሣጥን ፎቶግራፍና ስለ አንድ ኩንታል ጤፍ ነው። አገሩ ዲማ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ። ዲማን በእግሩ ያልረገጠ ሰው እንኳ በስም ያውቃታል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ዲማ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ፊታውራሪ መሸሻን ከነአዳራሻቸው፣ ሰብለ ወንጌልን ከነእልፍኟ፣ ጉዱ ካሣን ከነነገሩ ያኖሯቸው እዚሁ ነው። እኔ ግን የአዳራሹን ታሪክ ልነግራችሁ አልተነሣሁም። እንደዚያ ላለ አዳራሽ እህሉን ተሸክመው ያስገቡ ሰዎች ነበሩ። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ምን ፎቶግራፍ እንዳላቸው፣ ምንስ እንደሌላቸው ነው ወሬዬ።

እናላችሁ፣ እናቴ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለቻት። ቁልፉን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትውለው። ከሣጥኑ ውስጥ የሠርጓ ጥበብ ቀሚስ አለ፤ የመሬት ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ አለ፤ ዘመቻ ሄዶ የቀረው ወንድሟ የላከው ደብዳቤ አለ። ከሁሉም ሥር፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ አለ።

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ የምታስተምረው ታናሽ እህቴ ለዕረፍት መጣች። ወፍራም ቅጠል ያለው ትልቅ መዝገብ፣ ኮላና መቀስ ይዛ ነው የመጣችው። «ፎቶዎቹ እየተላጡ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ ዛሬ እማዬን ጠይቀን ካልጻፍን ነገ የሚነግረን የለም» አለች። ውጭ ዝናቡ የዲማን ጥቁር አፈር አጨቅይቶት ከቤት የሚያስወጣ አልነበረም። ቡናው ተፈላ፣ ፌስታሉ ተፈታ፣ ፎቶው በሰፌድ ላይ ተበተነ።

የመጀመሪያው የአባቴ ነው። ማርቆስ ፎቶ ቤት የተነሣው፣ በጥቁርና ነጭ። ከኋላው ሸራ ላይ የተሣለ ባሕር አለ፤ ባሕሩ ዳር የማናውቀው አገር ዛፍ ቆሟል። ኮት ለብሷል፤ ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው፣ እጅጌው እስከ ጣቶቹ ይወርዳል። እጁ ላይ ሰዓት አለ፤ ሰዓቱ የጓደኛው ነው። ፊቱ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሏል። ጀርባውን ገልበጣችሁ ብታዩ በእርሳስ «ለማስታወሻ ያህል» ተብሏል፤ የጻፈለት ፎቶ አንሺው ነው፣ አባቴ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠረም።

ቀጥሎ አጎቴ፣ በወታደር ልብስ፣ ከአሥመራ የላከው። ቀጥሎ አክስቴ በሠርጓ ቀን፣ ሚዜዎቿ መሐል፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። ቀጥሎ ለመታወቂያ የተነሡ ጉርድ ፎቶዎች፣ ጥጋቸው በቴምብር ማኅተም የተነከሰ። የእናቴ ደግሞ አንድ ብቻ ናት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

አንዲቱን ፎቶ ግን ቀርባችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። የአያቴ ናት። አራቱም ጠርዟ አልቋል፤ በተለይ ከግርጌ ግራና ቀኙ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ፣ ወረቀቱ ተልጦ ነጩ ወጥቷል። በአገራችን ሰው ሲሞት አልቃሿ የሟቹን ልብስ፣ ጠመንጃውን፣ ያለውን ሁሉ እያነሣች ሙሾ ታወርዳለች። ፎቶግራፍ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፎቶውም አብሮ ይነሣል። ይህቺን ፎቶ አያቴ በሞተ ጊዜ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ከራሳቸው በላይ ይዘዋት ውለዋል። ሙት ዓመቱ ሲወጣም እንዲሁ። እህቴ ጠርዟን በመቀስ ልታስተካክል ስትል እናቴ እጇን ያዘቻት። «ተዪው፣ ያለቀሱለት ሰዎች እጅ ነው» አለቻት። እውነቷን ነው። እንዳለች ተለጠፈች።

ዘመኑን ለመጻፍ ነው የተቸገርነው። እናቴ ዓመት በቁጥር አትይዝም። «ይኼማ ደርግ የገባ ዓመት ነው» ትላለች፤ «ይቺ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ አንቺን አርግዤ» ትላለች። እህቴ ደግሞ እንዳለችው ትጽፋለች። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ። ከቁጥሩ ይልቅ «አንቺን አርግዤ» የሚለው ለልጅ ልጅ የሚበጅ ይመስለኛል።

አመሻሹ ላይ መዝገቡ ገሚሱ ሞላ። ያን ጊዜ እህቴ ቅጠሉን ወደኋላ እየገለበጠች ቆየችና «አባዬ፣ አንድ ሰው ይህን አልበም አይቶ፣ የዚህ ሰውዬ ሥራው ምን ነበር ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን?» አለች።

ዝም ተባለ። ሁላችንም ወደ ኮቱ አየን።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ጫኝና አውራጅ ነበር። በልጅነቱ ከዲማ ቢቸና በአህያ እህል ያመላልስ ነበር። ጎልምሶ ቢቸና ላይ ጭነት መኪና ጫነ፤ ቀጥሎ ማርቆስ ወረደ። እኛን ያሳደገን፣ እህቴን ኮሌጅ ያስገባት፣ ይህ ቤት የቆመበትን ቆርቆሮ የገዛው በማጅራቱ ነው። በአልበሙ ውስጥ ግን አንድ ጆንያ የለም። አንዲት አህያ የለችም። አንድ ገመድ እንኳ የለም።

«ማን ካሜራ ይዞ ጫኝ ያነሣል?» አለ አባቴ። «ፎቶ ቤት ገንዘብ ከፍዬ ጆንያ ተሸክሜ ልነሣ? ያኔ ፎቶ የሚነሡት ሰው ለመሆን ነው። ሸክሙንማ ጀርባዬ ያውቀዋል።»

እዚህ ላይ ላፍታ ልቁም። አባቴን ማንም እንዲነቅፍብኝ አልፈልግም። ያ የተዋሰው ኮት ከንቱ ኩራት አልነበረም። ሳምንቱን በሙሉ «አንተ ኩሊ!» እየተባለ ሲጠራ የከረመ ሰው፣ በአንዲት ቅዳሜ ታጥቦ፣ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ «ቀና በል፣ አገጭህን ትንሽ ዝቅ» የሚለው ሰው ፊት ቆሟል። የዚያች ደቂቃ ክብሩ እውነተኛ ነው። ፎቶግራፍ በአገራችን የቤተ መንግሥትም ወግ ነበረ፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአጤ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበረ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው በነገሥታቱ ፊት ቆመዋል። ከዚያ ወርዶ ወርዶ ማርቆስ ፎቶ ቤት ሲደርስ፣ ጫኙም እንደ ንጉሡ ተቀምጦ መነሣት ቢፈልግ ምን ያስደንቃል? በአዲስ አበባ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ወጣቶች የሰዉን የቤት ፎቶ ለምነው ሰብስበው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አድርገው ሲያወጡት ሕዝቡ የወደደው ያን ክብር ስላየበት ነው። እናቶቻችን ጸጉራቸውን አበጥረው፣ አባቶቻችን ሱፍ ለብሰው፣ አምረው ታዩ። ኮቱ ከአልበሙ ይውጣ የሚል ክፉ ሰው የለም። እኔ የምለው ጆንያው ከጎኑ ይቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ጆንያው ልመልሳችሁ። እህቴ አለቀቀችውም፤ «እንግዲያው እንዴት እንደሚጫን ንገረኝና ልጻፈው» አለችው። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ሰው ሥራውን ሲጠየቅ እንዴት ያምርበታል መሰላችሁ!

ከአህያዋ ጀመረ። «አህያ ከመጫንህ በፊት ጀርባዋን በእጅህ ዳብሰህ እይ» አለ። «ገጣባ ካላት አትጫናት፤ ቁስሉ ላይ የጫንክ እንደሆነ ገበያም አትደርስ፣ ለከርሞም አህያ የለህም።» ከጀርባዋ ላይ አሮጌ ጆንያ ታጥፎ ይነጠፋል። ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ ይቆማል፤ እኩል ያነሣል፣ እኩል ያስቀምጣል። መጫኛው በሆዷ ሥር ያልፍና ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ግን ትንፋሿን ስታወጣ ነው፣ ሆዷን ነፍታ ሳለች ከታሰረ መንገድ ላይ ይላላል። ጭነቱ ወዳንድ ወገን ካጋደለ በቀለለው በኩል ድንጋይ ይጨመርበታል። «ድንጋዩን እሷ ናት የምትሸከመው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው አስተካክሎ መጫን ነው ደጉ» አለ።

ከአህያዋ ወደ መኪናው አለፈ። ያኔ ጎጃምን ይመላለስ የነበረው ፊያቱ፣ ኤንትሬው ነበር፤ ኋላ አይሱዙ መጣ። መኪናው ተለወጠ እንጂ ኩንታሉ መቶ ኪሎ መሆኑ አልተለወጠም። አባቴ ጋቢውን ጠቅልሎ ጆንያ አደረገው፤ እኔንና የታላቅ ወንድሜን ልጅ አሸካሚ አድርጎ አቆመን፤ ወገቡን ያዝ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ሁለቱ አሸካሚዎች የጆንያውን ጆሮ በአንድ እጅ፣ ታቹን በሌላ እጅ ይይዛሉ። አንዱ ቀድሞ ካነሣ ጆንያው ይዞራል፣ የተሸካሚውን አንገት ይጠመዝዛል። ስለዚህ ድምፅ ያስፈልጋል። 'ሆ!' ሲሉ እኩል ነው። እኔ እንደ ቆብ አጥፌ የደፋሁት ጆንያ አለ፤ ማጅራቴ እንዳይላጥ። ኩንታሉ የሚያርፈው እዚህ ጋ ነው» አለና የወንድሜን ልጅ እጅ ይዞ ከማጅራቱ ሥር፣ ከሁለቱ ትከሻዎቹ መሐል አስነካው። እኔም ነካሁት። ቆዳው ወፍሯል፤ ከሥሩ እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር አለ። ይህን ያህል ዘመን አንድ ጣራ ሥር ኖረን በእጄ ስነካው ያን ቀን ነው። «ከዚህ ዝቅ ካለ ወገብ ይሰብራል፤ ከፍ ካለ አንገት ይደፋል። ቦታው የአንድ መዳፍ ያህል ነው።»

ከዚያ ሳንቃው አለ። ከመሬት እስከ መኪናው ጭነት ቦታ የተጋደመው ሳንቃ ሰው ሲረግጠው ይረግባል፣ ተመልሶ ይነሣል። ተሸካሚው እግሩን የሚያነሣው ሳንቃው ወደላይ ሲመለስ ነው፤ ያኔ ሳንቃው ያግዘዋል። ሲወርድ የረገጠ እንደሆነ ግን መቶው ኪሎ ሌላ መቶ ይሆንበታል። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ እግር ራሱ ነው የሚማረው። መኪናው ላይ ደግሞ ደርዳሪው ይጠብቃል። አንዱን ረድፍ በቁመት፣ የሚቀጥለውን በአግድም እያደረገ ያያይዘዋል፤ ያለዚያ ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ሲገባ በየጥምዝምዙ ጭነቱ ያዘማል፣ መኪናውን ይዞ ይሄዳል። ከሥር ያለው ሸክም ከተስተካከለ፣ ሸራው ከለበሰ፣ ገመዱ ከጠበቀ በኋላ ሹፌሩ ሞተሩን ያስነሣል። የአባቴ ሥራ እዚያ ላይ ያልቃል። ጤፉ ጎሐ ጽዮንን ወጥቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲደርስ የሚያወርደው ሌላ ማጅራት ነው።

ያኔ ዓባይን መሻገር ራሱ ጭንቅ ነበር። አሮጌው ድልድይ አርጅቶ ከባዱን መኪና ተራ በተራ ነበር የሚያሳልፈው፤ ሹፌርና ረዳት በረሃው ውስጥ ተራ ሲጠብቁ ይውሉ ነበር። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ተመርቆ ሲከፈት ለሁሉም እፎይታ ሆነ።

እናቴ በዚህ መሐል ስለ አያቴ አነሣች። አያቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ በቅሎና አህያ ጭኖ አገር ለአገር የሚዞር። ከእሱ በፊት የነበሩት ሲራራዎች ትልቁ ገበያቸው በሶ ነበር፣ ከማርቆስ በታች፣ የጁቤ አጠገብ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ቡናው እዚያ ይደርሳል፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌው በአህያ ተጭኖ ይወርዳል። መሸሸግ የሌለበትን ልንገራችሁና፣ በዚያው መንገድ ሰውም ይነዳ ነበር። ባሪያ ተብሎ የተሸጠ ሰው በእግሩ እየሄደ፣ እንደ ጭነት ተቆጥሮ፣ ዋጋው ከዝሆን ጥርሱ ጎን ተነግሯል። ስለ ሸክም የሚተርክ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባውም።

የእነዚህ ሁሉ ሰዎች አልበም ታዲያ የት ነው? ጎጃም መዝገብ አጥቶ አያውቅም። ፎቶግራፍ ሳይመጣ በፊት አብያተ ክርስቲያናቱ በብራናው ዳርና በባዶው ቅጠል ላይ ማን ለማን መሬት እንደሸጠ፣ ማን እንዳወረሰ፣ እነማን ምስክር እንደነበሩ እየጻፉ አኑረዋል። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ ስለ ምሥራቅ ጎጃም የገጠር ኑሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት ከባለርስቱ በታች ዘጋ የሚባሉ፣ ርስት የሌላቸው፣ ለጌታ ያደሩ ገበሬዎች እንደነበሩ አስነብቦናል። አስቡት እስቲ። ባለርስቱ ከነአባቱ ስም፣ ምስክሩ ከነማዕረጉ በብራና ላይ ቆሟል። እህሉን ያጨደው፣ አውድማ ያወጣው፣ ተሸክሞ ጎተራ ያስገባው ሰው በዘጋነቱ እንጂ በስሙ አይታወስም። የተሸካሚ ስም መጥፋት በኮትና በፎቶ ቤት አልተጀመረም፤ የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ያለው ልማድ ደግሞ በአዋጅ አይሻርም። በየቤቱ፣ በአንድ መዝገብና በአንድ ጠርሙስ ኮላ ነው የሚሻረው።

ለአባቴ ይህን ሁሉ አላነበብኩለትም። የነገርኩት ስለ ሰባራ ድልድይ ነው፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ከሞጣ ቁልቁል ወርዳችሁ ዓባይ ላይ ስትደርሱ፣ በአጤ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ ነበር። ጣልያን በገባ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መሐሉን አፈረሱት፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ጠላት ወጣ፣ ድልድዩ ግን ስብር እንዳለ ከስድሳ ዓመት በላይ ኖረ። ሰው ደግሞ ዘመዱ ማዶ ነው፣ ገበያው ማዶ ነው። ምን ያድርግ? ከወዲህ አሥር ያህል ሰው፣ ከወዲያ አሥር ያህል ሰው ገመድ ይዘው ይቆማሉ። ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በተቀደደው ሰማይ መሐል ተንጠልጥሎ፣ ወዲህኞቹ እያላሉ ወዲያኞቹ እየሳቡ ያሻግሩታል። ከሥሩ ዓባይ ያጓራል። ሰውም ዕቃውም እንዲያ ነበር የሚያልፈው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 የወጣው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ኔቫዳ ዊየር ያነሣችውን የዚህን ቦታ ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው መኪናውን ለሰርቪስ ሰጥቶ ሲጠብቅ መጽሔቱን አንሥቶ ይገልጣል፤ ገመዱን የሚስቡትን ሰዎች ያያል። ዓይኑን መንቀል አልቻለም። በዚያው ዓመት ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለውን ድርጅት መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሰባራው በብረት ተጋጠመ፤ መኪና የማይደርስበት ገደል ነውና ዕቃው የወረደው በአህያና በሰው ትከሻ ነው። በ2005 ጎርፍ መጥቶ ወሰደው። ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2009 ጎርፉ የማይደርስበት ተንጠልጣይ የኬብል ድልድይ ተሠራ። ያ ድርጅት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ለእግረኛ ድልድይ ሲሠራ ኖሯል።

ይህ ሁሉ የሆነው አንዲት ፎቶግራፍ ሰዎችን በሸክማቸው ላይ ሳሉ ስላየቻቸው ነው። እነዚያ የሞጣ ሰዎች ኮት ለብሰው፣ የተሣለ ባሕር ፊት ቆመው ተነሥተው ቢሆን ኖሮ፣ አምሮባቸው ይታዩ ነበር፤ ገመዱን ግን ማንም አያይም ነበር።

አባቴ ዝም ብሎ አዳመጠኝና መጀመሪያ የጠየቀኝ የሥራ ጥያቄ ነው። «አሥሩ እኩል እንዲስቡ ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው?» አለኝ። ያው እንደ አሸካሚዎቹ አንድ ሰው «ሆ!» ማለት እንዳለበት ያውቃላ። ቀጥሎ «ስማቸውስ ተጽፏል?» አለ። የፎቶ አንሺዋ ስም ይነገራል፣ የአሜሪካዊውም ስም ይነገራል፣ ይገባቸዋልም፤ የገመዱን ሰዎች ስም ግን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም አልኩት።

«እንግዲያ እኔንም ብታነሡኝ ብቻዬን አይሆንም» አለ። «ብቻውን ኩንታል ያነሣ ሰው የለም።»

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በገበያ ቀን ቢቸና ወረድን። አባቴ አሁን መሸከም አይችልም፤ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። የሚሸከመው የወንድሜ ልጅ ነው፣ ሥራውን የወረሰው እሱ ነውና። እህል ነጋዴው መጀመሪያ ላይ አጉረመረመ፤ መኪና ቆሞ ፎቶ ምንድን ነው አለ። የጮኸው ግን በልጁ ላይ ነበር፣ የዘገየው ሚዛኑ ሆኖ ሳለ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው። አባቴ ሰምቶ እንዳልሰማ ዝም ብሎ ሄደና የጆንያውን ግራ ጆሮ ያዘ። በቀኝ በኩል አብሮት ለዓመታት የጫነ ሽማግሌ ጓደኛው ያዘ። ልጁ ጎንበስ አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ሳይሆን ልጁን ለማዳን ተጠንቅቀው፣ በዚያ በቀጨጨ ክንዳቸው፣ «ሆ!» አሉ። እህቴ በስልኳ አነሣቻቸው።

ፎቶው ማርቆስ ታትሞ መጣ። በቀለም ነው፤ የጤፉ ብናኝ በሦስቱም ቅንድብ ላይ ይታያል። የአባቴ አፍ ገና «ሆ» እንዳለ ተከፍቷል። እህቴ ከኮቱ ፎቶ ፊት ለፊት ባለው ቅጠል ላይ ለጠፈችውና ብዕሯን አዘጋጀች። አባቴ ከጎኗ ተቀምጦ ያጽፋት ጀመር።

«ጤፍ በይ። ማኛ። አንድ ኩንታል። ቢቸና ላይ የተጫነ፣ ወደ አዲስ አበባ። ተሸካሚው እገሌ፣ የልጄ ልጅ። በግራ አሸካሚው እኔ። በቀኝ አሸካሚው...» ብሎ የጓደኛውን ስም ከነአባቱ፣ ከነአገሩ ነገራት። «ደርዳሪው ከላይ ስለሆነ በፎቶው አይታይም፤ ስሙን ግን ጻፊው፣ ቦታ ተይለት።» ጻፈች። «የጭነቱን ዋጋ ጻፊ። ስንት እንደተከፈለን።» ጻፈች።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ቡናዋን ስትቆላ ቆይታ ነበር። መዝገቡን ወደ እሷ አዞርንላት። አየችው፤ የልጁን አንገት አየች፤ ቀስ ብላ ቅጠሉን ገልብጣ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተነሣችባትን የራሷን ፎቶ አገኘች።

«እኔስ?» አለች። «ከምንጭ ስንት ዓመት ውኃ ቀዳሁ? ያንን ዳገት፣ እንስራውን በጠፍር አዝዬ፣ አንቺን ሆዴ ውስጥ ይዤ። እኔ አሸካሚም አልነበረኝ፤ ተንበርክኬ ነው አዝዬ የምነሣው። ደርዳሪም የለኝ። የእኔ ኩንታል የት ነው የተጻፈው?»

አባቴ «እውነቷን ነው፤ የእሷ ይከብዳል» አለ።

እንስራ ግን ቤት ውስጥ አልነበረም። ቧንቧ ከመጣ ወዲህ በጀሪካን ነው የሚቀዳው፤ የእኛው እንስራ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ጠፍሩ ብቻ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ አለ። እናቴ ጎረቤት ያሉት አሮጊት ቤት አንድ እንደማይጠፋ ነገረችንና የወንድሜን ልጅ ላከችው። «ባዶውን እንዳታመጣው» አለችው ከኋላው። «ውኃ ሞልተህ አምጣ። ባዶ እንስራ አዝዬ አልነሣም።»